አለቃ ገብረ ሐና፤ በሳቅ የተጋረዱት ሊቅ

ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ በአገራችን መጨረሻው አንድ ደጃፍ ነው። ተጫዋቹ «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን» ብሎ ከጀመረ አድማጩ ነገሩን ገና ሳይሰማ ፊቱን ለሳቅ ያዘጋጃል። ቱርኮች በናስረዲን ሆጃ ስም የየዘመኑን ጨዋታ ሲከምሩ እንደኖሩ ሁሉ፣ የእኛም ሕዝብ የትናንቱንና የዛሬውን፣ የራሱንና የጎረቤቱን ተረብ በእኚህ ደብተራ ስም ሲያስመዘግብ ኖሯል። በዚህም ምክንያት አለቃ ያልተናገሩት ሲታወስላቸው የሠሩት ተረሳባቸው።

አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ፎገራ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ በከብቱ ስሙ የታወቀ፣ ዛሬም ሩዝ የሚመረትበት ሜዳ ነው። ሕፃኑ የተወለደበት ዘመን የየጁ መሳፍንት ከደብረ ታቦር ሆነው በነገሥታቱ ስም አገር የሚገዙበት፣ ገበሬው የወታደር ቀለብ የሚሰፍርበት ዘመን ነበር። ለድኻ ልጅ ከሞፈርና ከጦር ውጪ የተከፈተ መንገድ ቢኖር የቆሎ ተማሪነት ነው። ገብረ ሐናም በዚያው መንገድ ሄዱ፤ ወደ ጎጃም ተሻግረው ቅኔ ተማሩ፤ ወደ ጎንደርም ተመልሰው ዜማውንና ፍትሐ ነገሥቱን አደላደሉ።

የአለቃን ቀልድ ምንጭ ፍለጋ ሩቅ የሚሄድ ሰው ይደክማል። ምንጩ ቅኔ ቤት ነው። በቅኔ ቤት ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ነገር አስቦ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ ይናገራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ሰሙን ከወርቁ ማዋደድ፣ ኅብሩን ማሳካት ይጠበቅበታል። ካልተዋጣለት ሳቁ በራሱ ላይ ነው። ያለ መጋረጃ፣ ያለ ረዳት ተዋናይ ብቻውን ቆሞ በአንደበቱ ብቻ የሚያስቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ልምምድ ከየት ያገኛል? ልዩነቱ የቅኔው ግዕዝ፣ የቀልዱ አማርኛ መሆኑ ነው።

ይህ ችሎታ ግን በቤተ መንግሥት ደጃፍ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦር የንጉሡ ዋና መቀመጫ ሆነች። ንጉሡ የገብረ ሐናን የፍትሐ ነገሥት ዕውቀት አክብረው ፍርድህን ስጠኝ፣ ቀልድህን ግን ተወኝ ያህል እንደገሠጿቸው በትውፊት ይነገራል። ንጉሡ እንዲህ ብለውም ይሁን አይሁን፣ ሕዝቡ በዚህች ወግ ውስጥ ያስቀመጠው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ዙፋን የሊቁን ዕውቀት ይፈልጋል፣ የሊቁን ምላስ ግን ይፈራል። ዞሮ ዞሮ ከንጉሡ ጋር አልተስማሙም፤ ወደ ጣና ሸሹ።

ታላቁ ሥራቸው የመጣው ከዚያ ነው። ሐይቁ ዳር ሆነው ደንገሉ በማዕበሉ ሲወዛወዝ፣ ውኃው ወደ ዳር መጥቶ ሲመለስ ይመለከቱ ነበር ይባላል። ከዚያ እንቅስቃሴ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ፤ መቋሚያውና አካሉ እንደ ደንገሉ ግራና ቀኝ የሚዘሙበት፣ ጸናጽሉና ከበሮው ያንኑ የሚከተሉበት ስልት። ደብተራው በጣና ዳር ደንገል ሲመለከቱ፣ ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ጋፋት የንጉሡ ባለሙያዎች ለመድፍ እቶን ያነዱ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል፣ ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲወጡ በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ተጎተተ። ከሁለቱ የዘመኑ ፈጠራዎች ዛሬ በደብረ ታቦር በየበዓሉ የሚታየው የደንገሉ ነው።

የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት በቀላሉ አልተቀበሉትም። የአባቶች ሥርዓት እያለ ከቀልደኛ አፍ የወጣ አቋቋም ምን ሊሆን! የቀልደኛ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ይመስላል፤ ሰው አንድ ጊዜ የሳቀለትን ሰው ቁም ነገር ሲናገርም ሳቁን ይጠብቃል። አለቃ ሥራቸውን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው። ስልቱ እስከ ዛሬ «ተክሌ» ተብሎ በልጁ ስም ይጠራል። ለአባት የቀረላቸው ቀልዱ ነው።

ከቀልዶቹም ሁሉ ሕዝቡ አጥብቆ የሚወድዳት አለቃ የተሸነፉባትን ነው። አህዮቿን እየነዳች የምትሄድ ሴት መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን አደርሽ የአህዮች እናት?» ይሏታል። «ደኅና ነኝ ልጄ» ትላለች፤ መንገዷንም ትቀጥላለች። ፊደል ያልቆጠረች ገበሬ ቅኔ አዋቂውን በሦስት ቃል ዘጋችው። ሕዝቡ መሳፍንቱን የሚዘልፍለትን ሰው ፈጠረ፤ እርሱም ራሱ በድኻው ላይ እንዳይኮራ የምታርፍበትን ጥፊ አብሮ አስቀመጠ። ይህን ያደረገ ተራኪ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ብልሃቱ ግን የማንንም ደራሲ ያስቀናል።

አለቃ በዐፄ ምኒልክም ዘመን በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ቆይተዋል፤ ከዚያ የሚነገሩት ጨዋታዎችም ብዙ ናቸው። ቀልድ ራሱን የቻለ የመድረክ ሙያ ሆኖ እንጀራ ማብላት የጀመረው ግን ከእርሳቸው በጣም ዘግይቶ ነው። የሀገር ፍቅር ቴያትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1980ዎቹ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ተስፋዬ ካሣም በቴሌቪዥንና በካሴት እያንዳንዱ ቤት ገቡ። እነርሱ ድምፃቸው ተቀርጾላቸዋል። የአለቃ ቀልድ ግን ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግማሹ ይሞታል፤ ምክንያቱም ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ ቀልዱ የተሰካው ብዙ ጊዜ በዚህች ስንጥቅ ውስጥ ነው። አንባቢው አንዱን መርጦ ሲያነብ ሌላው ይጠፋል። በጆሮ የተሠራን ነገር በዓይን መፍረድ ይከብዳል።

በ1898 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን፣ የቡሄ ልጆች በየደጁ ጅራፍ ሲያጮኹ፣ በደብረ ታቦር ቅኔ ማኅሌት መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ቆመው መቋሚያቸውን ግራና ቀኝ ያዘምማሉ፤ ከመካከላቸው የሚስቅ የለም።