ግድቡ ሳይነቃነቅ

ፉሪ ላይ ስለ ግድብ ከተነሳ ወሬው ቀጥታ ዓባይ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ግን ስለ ገፈርሳ ማውራት ፈልጌያለሁ፤ በአምቦ መንገድ ቡራዩን አለፍ ስትሉ የምታገኙት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ብሎ አሠራው፤ ከነፃነት በኋላ ደግሞ ከፍታ ተጨመረለት። ያኔ ቡራዩ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አልነበረችም።

መሐንዲሶች ግድብን በአደጋ ደረጃ ይመድባሉ። አብዛኞቻችን «ከፍተኛ» ሲባል ሊፈርስ የደረሰ ይመስለናል። አይደለም። የግድቡ ጤንነት ለብቻው ነው የሚመረመረው፤ ደረጃው የሚጠይቀው «ቢፈርስ ከሥሩ ማን አለ?» ብሎ ነው። በአሜሪካ አሠራር ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ ሲፈርስ አንድ ሰው እንኳ ይሞታል ተብሎ ከተገመተ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ እንከን የሌለው ግድብ ከፍተኛ፣ ሰው በሌለበት በረሃ ያለ ስንጥቅጥቅ ግድብ ደግሞ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ገፈርሳ ሊፈርስ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ! የምለው፣ አንድ ድንጋይ ሳይነቃነቅ ደረጃው ሊለወጥ እንደሚችል ነው፤ ከታች ቤት በተሠራ ቁጥር።

ትንንሾቹ የመስኖ ግድቦች ደግሞ ይብሳሉ። ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን «ትልቅ» የሚለው በመሠረቱ ከ15 ሜትር ጀምሮ ያለውን ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው የለም። በዚያ ላይ ውኃው ራሱ ሰው ይጠራል። መስኖ ባለበት አትክልት አለ፣ አትክልት ባለበት የቀን ሥራ አለ፣ ከዚያ ጎጆ ይቀለሳል።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን በመራራ መንገድ አየችው። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት፣ ናኩሩ አውራጃ ሶላይ በሚባል ቦታ፣ የአንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደረመሰ። ቢያንስ 47 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስሙ የሚታወቅ ግድብ አልነበረም፤ የእርሻ ውኃ ማጠራቀሚያ ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ፉሪ ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለሉ። በእኛ ሰፈር ቦታ የሚገዛ ሰው ካርታ ይጠይቃል፣ መንገድ ይጠይቃል፣ መብራት ይጠይቃል። ከላይ በኩል ውኃ የሚያቁር ነገር አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ስገዛ አልጠየቅሁም።