ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ

ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ በማህፀን ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት እርግዝናን የሚከላከል ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ነው። ቅርጹ የላቲኑን «ቲ» ፊደል ይመስላል፤ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለውን ሆርሞን በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። እርግዝናን በመከላከል አቅሙ ከሁሉም የወሊድ መቆጣጠሪያ ዘዴዎች በግንባር ቀደምትነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሚጠቀሙት 100 ሴቶች መካከል የሚያረግዙት ከ1 በታች ናቸው።

በኢትዮጵያ «ሉፕ» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ነው። ሁለቱ በመልክ ቢመሳሰሉም በወር አበባ ላይ የሚያስከትሉት ለውጥ የተለያየ፣ እንዲያውም ተቃራኒ ነው። በዚህ ምክንያት አንዲት ሴት የትኛውን እንደምትመርጥ፣ ከመረጠችም በኋላ ትቀጥልበት ወይም ታስወጣው እንደሆነ በእጅጉ የሚወስነው ስለ ደም መፍሰስ ለውጥ አስቀድሞ የተነገራት ነገር ነው።

ስያሜ

«ሉፕ» የሚለው ቃል የመጣው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ ከተሠራጨው የሊፕስ ሉፕ ነው። ይህ የተጠማዘዘ የፕላስቲክ መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከፈልሳፊው ከአሜሪካዊው ሐኪም ከጃክ ሊፕስና ከቅርጹ ነው። መሣሪያው ከአገልግሎት ቢወጣም ስሙ ከእሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በጤና ባለሙያዎች ዘንድ «በማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ» ይባላል።

አሠራር

በብዛት የሚታወቀው ዓይነት 32 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ በግንዱ ላይ 52 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ይይዛል። መጀመሪያ ላይ በቀን 20 ማይክሮ ግራም ያህል ይለቃል፤ መጠኑ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ሆርሞኑ ሦስት ነገሮችን ያደርጋል። የማህፀን በር ፈሳሽን በማወፈር የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ያግዳል፤ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳሳል፤ በአንዳንድ ሴቶች ደግሞ እንቁላል እንዳይወጣ ይከለክላል። የተፈጠረን እርግዝና አያቋርጥም።

አብዛኛው ሆርሞን እዚያው ማህፀን ውስጥ ስለሚሠራ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከእንክብል ወይም ከመርፌ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ አንዳንድ ሴቶች ራስ ምታት፣ ብጉር፣ የጡት ሕመም ወይም የስሜት መለዋወጥ ሊገጥማቸው ይችላል።

የአገልግሎት ዘመኑ እንደየዓይነቱ ከ3 እስከ 8 ዓመት ይደርሳል። 52 ሚሊ ግራም የሚይዘው መጀመሪያ ለ5 ዓመት ተፈቅዶ ነበር፤ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች መሠረት አሜሪካን ጨምሮ በአንዳንድ አገሮች እስከ 8 ዓመት ተራዝሟል።

ታሪክ

በማህፀን የሚቀመጥ ዘመናዊ መከላከያ በጀርመናዊው ሐኪም በኤርንስት ግሬፈንበርግ የተጀመረው በ1920ዎቹ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሃዋርድ ታተምና ሃይሜ ሲፐር የመዳብ ሉፕን አስገኙ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተሸጠው ዳልኮን ሺልድ የተባለው ዓይነት ግን በብዙ ሴቶች ላይ ከባድ የማህፀን ኢንፌክሽን በማስከተሉ ከገበያ ወጣ። ጥፋቱ በዋናነት ከክሩ አሠራር ጋር ተያይዟል። የዛሬዎቹ ሉፖች ክር አሠራሩ የተለየ ቢሆንም ያ ክስተት የተወው ስጋት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል።

ሆርሞን የሚለቀው ሉፕ የፊንላንዳዊው ተመራማሪ የታፓኒ ሉካይነንና የፖፑሌሽን ካውንስል የምርምር ውጤት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በፊንላንድ በ1990፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2000 ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቶታል።

በኢትዮጵያ በ1957 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ሲመሠረት አገልግሎቱን የጀመረው በዚህ ክልከላ ሥር ነው። በ1993 የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ የቤተሰብ ምጣኔን የመንግሥት ዓላማ አደረገው። በ1994 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ደግሞ ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከ2009 ወዲህ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ፣ ቀጥሎም ሉፕ በስፋት እንዲዳረሱ ተደርጓል።

ይሁንና ሉፕ በተጠቃሚ ብዛት ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርቷል። በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ መርፌ የሚወስዱት ከጠቅላላው ያገቡ ሴቶች 27 በመቶ፣ በክንድ የሚቀበረውን የሚጠቀሙት 9 በመቶ፣ ሉፕ የሚጠቀሙት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በአራዳና በፒያሳ

አራዳ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከነበረው የቀድሞ ገበያ አካባቢ ነው። ፒያሳ የአካባቢው ማዕከል ነው። በክፍለ ከተማው እንደ አራዳና ጃንሜዳ ያሉ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በየሠፈሩ የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ምክር ይሰጣሉ፤ ፈላጊዎችንም ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። እንክብልና ድንገተኛ መከላከያ ከፋርማሲ ተገዝተው ወዲያው ይወሰዳሉ። ሉፕ ግን የሠለጠነ ባለሙያ፣ የምርመራ አልጋና ንጹሕ መሣሪያ ይፈልጋል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት በብዛት የሚገኘው የመዳብ ሉፕ ነው። ሆርሞን የሚለቀው ዋጋው ከፍ ያለ፣ አቅርቦቱም ውስን ነው። ስለዚህ «ሉፕ አስገባሁ» የምትል ሴት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቋ አስፈላጊ ነው። ዓይነቱና የገባበት ቀን በካርዷ ላይ ሊጻፍላት ይገባል።

በአካባቢው የቆየው አኗኗር፣ በተለይ ግቢና መጸዳጃ ቤት በጋራ የሚያዝባቸው የቀበሌ ቤቶች፣ በምርጫው ላይ ድርሻ አለው። እንክብል ከቦርሳ ሊገኝ ይችላል፤ በክንድ የተቀበረው በእጅ ሲነካ ይታወቃል፤ ለመርፌ በየሦስት ወሩ መመላለስ ያስፈልጋል። ሉፕ ከውጭ አይታይም፤ በየቀኑ የሚታወስ ነገርም የለውም። በአንጻሩ ለሳምንታት የሚቆራረጥ ደም መኖሩ፣ ውኃና መጸዳጃ ተራ ተጠብቆ በሚገኝበት ግቢ፣ በራሱ ጫና ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳና አካባቢዋ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። ሉፕ ለማየትም ሆነ ለማስወጣት ግን ወደ አስገባው ተቋም መመለስ ግዴታ አይደለም፤ የሠለጠነ ባለሙያ ያለበት ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራው ይችላል።

የሁለቱ ሉፖች ልዩነት

የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ ከ10 ዓመት በላይም ሊያገለግል ይችላል። የወር አበባ በጊዜው ይመጣል፤ ነገር ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙ ሊበዛና ቁርጠቱ ሊጠነክር ይችላል። ልቅ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ከተደረገ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ለድንገተኛ መከላከያነትም ያገለግላል።

ሆርሞን የሚለቀው ደሙን ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ከመከላከያነቱ ሌላ ለከባድ የወር አበባ ደም መፍሰስ ሕክምና ይሰጣል። የወር አበባዋ ሲበዛ ደም ማነስ ለሚይዛት ሴት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የወር አበባዋ በየወሩ በጊዜው እንዲታይላት የምትፈልግ፣ ወይም ሆርሞን የማይስማማት ሴት ግን መዳቡን ልትመርጥ ትችላለች።

አቀማመጥ

ባለሙያው በቅድሚያ እርግዝናና ኢንፌክሽን አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ የማህፀንን መጠንና አቀማመጥ ይመረምራል። ከዚያ የማህፀን በር ይጸዳል፤ ሉፑም በቀጭን ቱቦ ይገባል። ማስገባቱ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። የሕመሙ መጠን ከሴት ሴት ይለያያል፤ አንዳንዷ መጠነኛ ቁርጠት ሲሰማት ሌላዋ ኃይለኛ ሕመምና ማዞር ሊገጥማት ይችላል። ያልወለዱ ሴቶች ብዙ ጊዜ የበለጠ ያማቸዋል፤ ይሁንና አለመውለድ ሉፕ ከመጠቀም አያግድም። ተጠቃሚዋ የሕመም ማስታገሻ መጠየቅ፣ ሴት ባለሙያ እንድትሠራላት መጠየቅ፣ በመካከሉም «ይብቃ» ማለት ትችላለች።

ሆርሞን የሚለቀው ሉፕ የወር አበባ በጀመረ በ7 ቀን ውስጥ ከገባ ወዲያው ይሠራል፤ ከዚያ ውጭ ከገባ ለ7 ቀን ኮንዶም መጠቀም ያስፈልጋል። ከወሊድ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ ሊገባ ይችላል፤ የሚያጠቡ እናቶችም ይጠቀሙበታል።

የወር አበባ ለውጥና ትርጉሙ

በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ጠብታ ጠብታ የሚል፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ደም የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ደሙ እያነሰ ይሄዳል። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ከ5 ተጠቃሚዎች በ1ዷ ገደማ ጭራሽ ይቀራል።

ይህ ለውጥ ጤናን የሚጎዳ አይደለም፤ ለተጠቃሚዋ ግን የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ በውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ሙስሊም ሴትም በወር አበባዋ ጊዜ አትሰግድም፣ አትጾምም። ስለዚህ ለሳምንታት የሚታይ ጠብታ «የወር አበባ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል፤ መልሱንም ሴቶች ከነፍስ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት አዋቂ ይጠይቃሉ። የወር አበባ መቅረቱ ደግሞ በሌላ በኩል ያስጨንቃል፦ «አርግዤ ይሆን?»፣ «ደሙ የት ሄደ?» ያሰኛል። ደሙ በየትም አይጠራቀምም፤ የማህፀን ሽፋን ስለሚሳሳ የሚወጣ ደም አይፈጠርም ማለት ነው።

በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ሁሉም ዘዴዎች ሲታዩ፣ መከላከያ ከጀመሩ ሴቶች 35 በመቶው በ12 ወር ውስጥ አቋርጠዋል። ስለ ደም ለውጥ አስቀድሞ የተነገራት ሴት ለውጡን እንደ በሽታ የማየት ዕድሏ ያነሰ፣ ዘዴውን የመቀጠል ዕድሏም የተሻለ ነው።

የተለመዱ ስጋቶች

ሉፕ ወደ ልብ ወይም ወደ ሆድ ይሄዳል ይባላል። ማህፀን ከልብ ጋር የሚያገናኘው መንገድ የለም። ይሁንና ከ1000 ሴቶች በ1ዷ ገደማ ሉፑ ሲገባ የማህፀንን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። ከ20 ሴቶች በ1ዷ ገደማ ደግሞ ራሱ ይወጣል፤ ስለዚህ ክሩን መከታተል ይመከራል። የትዳር ጓደኛ ክሩን ሊነካው ይችላል፤ የሚያስቸግር ከሆነ ባለሙያ ሊያሳጥረው ይችላል። መካን ያደርጋል የሚለውም እውነት አይደለም፤ ሉፑ ሲወጣ የማርገዝ አቅም ወዲያው ይመለሳል። ከባድ ሥራ መሥራት ወይም ዕቃ መሸከም ከቦታው አያንቀሳቅሰውም።

ሉፕ ኤች.አይ.ቪንም ሆነ ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን አይከላከልም፤ ለዚህ ኮንዶም ያስፈልጋል።

ፈቃድና ማስወጣት

በአገሪቱ የቤተሰብ ምጣኔ መመሪያ መሠረት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው፣ ያገባም ያላገባም፣ አገልግሎቱን የማግኘት መብት አለው። የባል ፈቃድ አያስፈልግም።

ሉፕ የአገልግሎት ዘመኑ እስኪያበቃ መቆየት የለበትም። ተጠቃሚዋ በፈለገችበት ጊዜ፣ ምክንያቷን ማስረዳት ሳያስፈልጋት፣ ይውጣልኝ ማለት ትችላለች። ባለሙያው ክሩን ቀስ አድርጎ በመሳብ ያወጣዋል። በራስ መሳብ ግን አይመከርም። የሉፕ ምርጫ ነጻ ምርጫ የሚሆነው ማስገባቱ የቀለለውን ያህል ማስወጣቱም ሲቀል ነው።

ጥንቃቄ

እርጉዝ ሴት፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ያለባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት፣ የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር ያለባት፣ ወይም በማዮማ ምክንያት የማህፀኗ ውስጠኛ ቅርጽ የተዛባባት ሴት ሉፕ አይገባላትም። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ደግሞ ሆርሞን የሚለቀውን መጠቀም የለባትም።

ከገባ በኋላ ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይተው የሆድ ሕመም፣ የክሩ መጥፋት ወይም መርዘም ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በሉፕ ላይ ማርገዝ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ካጋጠመ ግን ከማህፀን ውጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ስለሚል አስቸኳይ ምርመራ ይጠይቃል።