የገንፎው ዱቄት ተፈጭቶ ነበር

እህቴ ወሯ ገብቷል። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታነባለች። "የወሊድ ቦርሳ" የሚል ዝርዝር አግኝታለች፦ ዳይፐር፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ የሕፃን ፎጣ፣ ቻርጀር። አያታችን ከማዶ ሆና ሽንኩርት እየላጠች ስታዳምጥ ቆየችና፣ "ልብሱን ገዛሽው እንዴ?" አለቻት።

"አዎ እማማ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ ተቀምጧል።"

አያቴ ፊቷን አኮማተረች። ሳይወለድ? እኔም መሃል ገብቼ ስለ ቅድመ ዝግጅት ጥቅም ማስረዳት ስጀምር ሳቀችብኝ። "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እውነቷን ነው። ስድስት ልጅ ወልዳለች፣ ሁሉንም እቤት። ማታ ላይ ግን ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት፤ በእናንተ ጊዜ ወሯ የገባ ሴት ምን ታዘጋጅ ነበር? ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ለሕፃኑ ዝምታ፣ ለእናቲቱ ስንቅ

አያቴ ያደገችው መንዝ ነው፤ የብርድና የገብስ አገር። አንዲት ሴት ወሯ ሊገባ ሲል ቤቱ ውስጥ ስለ ሕፃኑ የሚያወራ አልነበረም ትላለች። ልብስ አይሰፋም፣ ስም አይመከርም። ሥራው ግን ተጀምሯል። ገብሱ ይለቀማል፣ ይፈተጋል፣ ይታመሳል፣ ለገንፎ ይፈጫል። ቅቤው ትንሽ በትንሹ ይጠራቀማል። ማር ያለው ማር፣ የሌለው ተልባና አጃ ያኖራል። እንጨት ተፈልጦ ይከመራል፤ አራስ ቤት እሳት አይጠፋማ! በግ ያለውም በጉን ይቀልባል።

ይህን ዝርዝር ከእህቴ ዝርዝር ጎን አስቀምጡትና እዩት። አንድም የሕፃን ዕቃ የለበትም። ሁሉም የእናት ነው። ሕፃኑ የሚጠቀለለው በእናቱ አሮጌ ነጠላ፣ የሚጠባው ከእናቱ ጡት፣ የሚሞቀው በእናቱ ገላ ነው። እናቲቱ ከተረፈች ሕፃኑም የመትረፍ ዕድል አለው። እሷ ከሞተች ግን በዚያ ዘመን ሕፃኑን የሚያሳድግ የጣሳ ወተት አልነበረም። ስሌቱ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ስለ ሕፃኑ ዝም የሚባለውም ሳይታሰብለት ቀርቶ አይደለም። ሞት ቅርብ ስለነበረ ነው። "የወላድ መቃብር አርባ ቀን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል" ይባላል። ምርቃቶቻችንን ራሳቸውን ስሟቸው። ለነፍሰ ጡሯ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" እንላለን። ከምን ነው የምታወጣት? ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ስትገላገል ደግሞ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እንላለን። ማረችሽ! ሞት ተፈርዶበት በመጨረሻ ሰዓት ምሕረት እንደተደረገለት ሰው።

የሚገርመው የአርባ ቀኑ ነገር ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችን ሞት ሲቆጥር፣ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሞቱትን ብቻ ሳይሆን እርግዝናው ካበቃ በኋላ ባሉት 42 ቀናት ውስጥ በዚያው ምክንያት የሞቱትንም ይጨምራል። አያቶቻችን ያለ ስታቲስቲክስ፣ በቀብር ብዛት ብቻ፣ ከዚያው ቁጥር አጠገብ ደርሰዋል።

በቁመቷ ልክ የተጻፈ ብራና

ገንፎና ቅቤ ድካምን ይጠግናሉ። ፅንሱ በተደጋጋሚ የሚወርድባት፣ ወይም የወለደቻቸው ሁሉ በጨቅላነታቸው የሚሞቱባት ሴት ግን ሌላ ዝግጅት ያስፈልጋት ነበር። በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ይህ ዝግጅት የብራና ክታብ ነበር።

ክታቡን የሚጽፈው ደብተራ ነው። ብራናው ረጅምና ጠባብ ሆኖ ብዙ ጊዜ በባለቤቷ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንዲጠብቃት። የክርስትና ስሟ በጸሎቱ መሃል ይገባል። በነዚህ ክታቦች ላይ ደጋግሞ የሚገኘው ታሪክ የቅዱስ ሱስንዮስ ነው። ውርዝልያ የምትባል ሕፃናት ገዳይ ልጁን ትገድልበታለች፤ እሱም በፈረስ ተከታትሎ በጦር ይወጋታል። ሥዕሉም ይኸው ነው፦ ፈረሰኛው ከላይ፣ እሷ ከታች።

ቤተ ክርስቲያን በይፋ የምትደግፈው ሥራ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን አልተወውም። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ከሚገኙት የኢትዮጵያ ክታቦች ብዙዎቹ የሴቶች ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ የመጀመሪያዋ ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ሴት ስም ተጽፏል። ክታቡ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከሴት ወደ ሴት ሲተላለፍ ኖሯል ማለት ነው። አንዷ ስትወልድ ለምትቀጥለዋ ታቀብላለች።

ከዚያ ዓለም አንድ ቃል እስከ ዛሬ አብሮን አለ፦ ሾተላይ። ድሮ ሾተላይ ልጆቿን የሚነጥቃት መንፈስ ነበር። ዛሬ እህቴ የእርግዝና ክትትል ስትጀምር የደም ዓይነቷ ተመረመረ፤ ነርሷም "ሾተላይ የለብሽም" አለቻት። ነርሷ የምታወራው ስለ አር ኤች ነው። የእናትየው ደም አር ኤች ኔጋቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናትየው ሰውነት የፅንሱን ደም እንደ ጠላት ሊዋጋው ይችላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ይተርፍና አደጋው በሚቀጥሉት ላይ ይበረታል። አር ኤች የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ መከላከያው መርፌ በሥራ ላይ የዋለው በ1960ዎቹ መጨረሻ። ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣታል።

ልጆች በተራ የሚሞቱባት ሴት ሁሉ ችግሯ ይኸው ነበር ማለት አይደለም። ግን ቃሉ ሳይሞት መድኃኒቱ ደረሰለት። አያቶቻችን የፈሩት ነገር እውነት ነበር፤ የጎደላቸው ፍርሃቱን የሚመልስ መሣሪያ ነው።

ቃሬዛው

አያቴ ይህን ሁሉ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ከዚያ ግን ዝም አለች፤ ዝም ብላም ቆየች። ቀጥሎ የታላቅ እህቷን ነገር አነሳች። ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ከአብዮቱ በፊት ነው። እህቷ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ነበር። ሁሉም ነገር ተሟልቷል፤ ዱቄቱ ተፈጭቷል፣ ቅቤው በቅል ሞልቷል፣ እንጨቱ ተከምሯል፣ አዋላጇም ጎረቤት ናት። ምጡ ሲመጣ ግን አልወለደችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው ወደ ደብረ ብርሃን ጉዞ ጀመሩ። እየተፈራረቁ ተሸክመው ሌሊቱን ሙሉ ሄዱ። ሳይደርሱ ጎህ ላይ ተመለሱ።

"ለገንፎ ያልነው ዱቄት ለለቅሶ ቤት ዋለ" አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም።

ከዚያ በኋላ ባነበብኩት ነገር ሁሉ ውስጥ ይህ ዱቄት ይታየኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች ዛሬ በጤና ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን "ሦስቱ መዘግየቶች" የሚባል ሐሳብ አቀረቡ። እናቶች የሚሞቱት በሦስት ቦታ በመዘግየት ነው ይላል፦ እንሂድ ብሎ ለመወሰን፣ ለመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት። የአያቴ እህት በመጀመሪያው ሁለት ቀን ተኩል አለፈባት፤ ሁለተኛው ላይ ቀረች። ሦስተኛውን አላየችውም።

ተርፈው የተጎዱም አሉ። ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሚመጣው ፊስቱላ ሽንት መቆጣጠር ያሳጣል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲመጡ ያገኟቸው እነዚህን ሴቶች ነው፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱላቸው። ግን ጠግኖ መመለስ ብቻውን አይበቃም ነበርና፣ በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተ።

ቀድማ የምትመጣበት ቤት

እንግዲህ የጎደለው መንገድ ከሆነ ሁለት መፍትሔ አለ። ወይ መንገዱን ማሳጠር፣ ወይ ሴቲቱን ቀድሞ ማምጣት።

ለወሊድ የተለየ ቤት ማዘጋጀት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደርና በትግራይ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤሎች በኦሪት ሕግ መሠረት ሴቲቱ የምትወልደው ከቤቷ ውጭ፣ በመርገም ጎጆ ነበር። ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ተለይታ ትቆያለች። ምክንያቱ የንጽሕና ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም። ነገር ግን የምትወልድ ሴት የራሷ ቤት፣ የራሷ ጊዜ ይኖራት ዘንድ መንደሩ ቀድሞ ያስባል።

የሕክምናውን ቤት ታሪክ ለማየት ወደ ጉራጌ እንሂድ። ወልቂጤ አቅራቢያ አጣጥ የሚባል ሆስፒታል አለ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የካቶሊክ ሲስተሮች የጀመሩት ነው። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ያዩት አያቴ ያየችውን ነው፦ ሴቶች የሚመጡት በቃሬዛ፣ በመጨረሻ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ቀላል የሆነ ነገር ጀመሩ። በግቢው ውስጥ ማቆያ ቤት አዘጋጁ። ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ልጅ ሞቶባት የተወለደ፣ ወይም ቤቷ ሩቅ የሆነ ሴት ወሯ ሲገባ ትመጣለች። የቤተሰብ ሰው አብሯት ይሆናል፣ ምግባቸውን እዚያው ያበስላሉ፣ ሐኪም ያያታል። ምጡ ሲመጣ የሚቀራት ግቢውን ማቋረጥ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 የነበረውን የሆስፒታሉን መዝገብ ያጠኑ ሐኪሞች ከ24,000 በላይ ወሊዶች አገኙ። ከነዚህ 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ናቸው። ወደ 100,000 ሲሰላ በማቆያው ካለፉት የሞቱት 90 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸው፤ ንጽጽሩ ፍጹም እኩል አይደለም። ግን አስቡት፣ በማቆያው የነበሩት እኮ መጀመሪያውኑ አደጋ ያሰጋቸዋል ተብለው የተመረጡ ነበሩ።

ይህ በአንድ ግቢ የተጀመረ ነገር ነው። በአገር ደረጃ ግን ጊዜ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በጤና ተቋም የወለዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሴት ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት መሄድ ያዙ። ሆኖም በ2005ም ቁጥሩ እዚያው 5 በመቶ ላይ ነበር። ለምን? አንዱ መልስ ከአያቴ ዝርዝር ውስጥ አለ። ጤና ጣቢያው አልጋ እንጂ ገንፎ አልነበረውም። እሳት፣ ቡና፣ እናቷ፣ ጎረቤቶቿ፣ እልልታው፣ ሁሉም የቀሩት ቤት ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ለብቻዋ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ነይ ማለት ቀላል አይደለም።

በኋላ ግን ነገሩ ተገለጠላቸው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ ቤት ተሠራ፤ ገንፎ እንዲገነፋ፣ ቡና እንዲፈላ፣ ቤተሰብ እንዲገባ ተደረገ። ለገንፎው የሚሆነውን ዱቄትና ቅቤ የአካባቢው ሰው የሚያዋጣበት ቦታም አለ። በተቋም የሚወልዱት በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 48 በመቶ ደረሱ። በ2000 ከ100,000 ወሊድ 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወረደ። ገንፎው ብቻውን ይህን አላደረገም፤ መንገድ፣ አምቡላንስ፣ አዋላጅ ነርስ፣ ትምህርት ሁሉም አለበት። 412ም ብዙ ነው። የሞት ቁጥር ነውና።

ሁለት ዝርዝር

ከአያቴ ጋር ካወራን በኋላ የእህቴን ዝርዝር እንደገና አየሁት። ሃያ ሰባት ዕቃ አለበት። ሌሊት ምጥ ቢመጣ በማን መኪና እንደምትሄድ ግን የለበትም። ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚሰጥ የለበትም። ባሏ መስክ ሥራ ላይ ቢሆን "እንሂድ" ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ የለበትም። የአያቴ እህት ቤት የጎደለው ነገር፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ መሃል፣ እህቴ ዝርዝር ውስጥም ጎድሎ አገኘሁት።

ስለዚህ ሦስት መስመር ጨመርንበት። የሰፈራችን ባለ ታክሲ ሌሊትም እንደሚመጣ ቃል ገባ። ሁለታችን የደም ዓይነታችንን አስመረመርን። ውሳኔውን ደግሞ እህቴ ራሷ ወሰደችው፤ "እኔ ካልኩ እንሄዳለን፣ ማንንም አንጠብቅም" አለች።

አያቴም የራሷን አልተወችም። ባለፈው ሳምንት ገብሱን ለቅማ፣ አምሳ፣ ወፍጮ ቤት ልካለች። ዱቄቱ በቆርቆሮ ሆኖ ወጥ ቤት ተቀምጧል። የታክሲው ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። አያቴ ማንበብ አትችልም። ግን በየማታው ከመተኛቷ በፊት ወጥ ቤት ትገባና መጀመሪያ ቆርቆሮውን ትነካለች፣ ቀጥላ ወረቀቱን።