አየር ማጽጃው ፍርድ ቤት ሲቆም

ተማሪ ቤት ሳለን የእስክሪብቶ ቀፎ ጸጉራችን ላይ እየፈተግን ብጣሽ ወረቀት ያላስነሳን ማን አለ? ዛሬ የምናወራላችሁ ማሽን ከዚያ ጨዋታ የሚበልጠው በጉልበት ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤት አየር ማጽጃ ይባላል። ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ቤት ዕቃ ምን አገባችሁ እንዳትሉን፤ ታሪኩ መሀል ላይ አንድ መጽሔት ይከሰሳል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩን እናስቀድም። ማሽኑ ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ ሽቦዎች አሉ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይለቀቅባቸዋል። በአጠገባቸው የሚያልፈው አቧራና ጭስ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ከሽቦዎቹ ቀጥሎ የተደረደሩት ዝርግ ብረቶች ደግሞ ያንን ብናኝ ስበው ያስቀሩታል። የሚቀየር ማጣሪያ የለውም፤ ብረቶቹን አውጥቶ ማጠብ ነው። ልብ በሉ ታዲያ፣ የሚያዘው ብናኝ እንጂ ጋዝ አይደለም። በር ዘግቶ ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ቤት ውስጥ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሽቦውም በብረቱም መሀል ሰተት ብሎ ያልፋል። ለእሱ መፍትሔው ከሰሉን ከቤት ማውጣት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1824 ጀርመን አገር ላይፕሲግ ከተማ ሆልፌልድ የተባለ የሒሳብ መምህር ጭስ በሞላበት ጠርሙስ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ቢያስገባ ጭሱ ጠራ። ነገሩ እዚያው ተረሳ። ስድሳ ዓመት ቆይቶ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦሊቨር ሎጅ ያንኑ በራሱ መንገድ ደረሰበት፤ በ1885ም ሰሜን ዌልስ ባጊልት በሚባል ቦታ በእርሳስ ማቅለጫ ፋብሪካ (የሚጻፍበት ሳይሆን ብረቱ) ተሞከረ። ከሸፈ። እየተሽከረከሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ዲስኮች ለፋብሪካ ጭስ አቅም አነሳቸው፤ የእርሳስ ጭስም በባሕርዩ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው።

ያሳካው ፍሬድሪክ ኮትሬል ነው። በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበር፤ ፓተንቱን በ1908 አገኘ። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር የነበረው የሴልቢ ማቅለጫ በዚያን ጊዜ በጭሱ የተነሳ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ተካስሶ ነበር። የኮትሬል መሣሪያ እዚያ የሰልፈሪክ አሲዱን ጉም ያዘ። ሰውየው የሚገርም ሰው ነው፤ በ1912 የፓተንቱን መብት ሰጥቶ ሪሰርች ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት እንዲመሠረት አደረገ። የሮበርት ጎዳርድ የሮኬት ምርምር ሳይቀር ከዚያ ድርጅት ገንዘብ አግኝቷል።

ከፋብሪካ ወደ ሳሎን ለመግባት ግን አንድ እንቅፋት ነበረ፦ ኦዞን። መብረቅ ከወረደ በኋላ የሚሸተው ያ ሽታ ነው። ከፍተኛ ቮልት አየር ውስጥ ሲለቀቅ ኦክስጅንን ወደ ኦዞን ይለውጣል፣ ኦዞን ደግሞ ሳንባን ይቆጣል። የጭስ ማውጫ አናት ላይ ማን ያሸተዋል? መኝታ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። በ1930ዎቹ የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ ጌይሎርድ ፔኒ ማሽኑን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ክፍል ብናኙን ሙል ያሲዛል፣ ሌላው ይሰበስባል። ሽቦዎቹንም ፖዘቲቭ አደረጋቸው። ኦዞኑ በጣም ቀነሰ። ፕሪሲፒትሮን ተብሎ ለገበያ ቀረበ።

አሁን ወደ ክሱ። ሻርፐር ኢሜጅ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ አዮኒክ ብሪዝ የሚባል ማጽጃ ይሸጥ ነበር። ፋን የለውም፤ ድምፁ አይሰማም፤ ዋጋው 350 ዶላር ገደማ ነበር። ዝምታው ዋና መሸጫው ሆነ። ችግሩ፣ አየር የሚገፋ ፋን ከሌለ ወደ ብረቶቹ የሚደርሰው አየርም ጥቂት ነው። ማሽኑ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ያልመጣለትን አቧራ ከየት አምጥቶ ይይዛል?

ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው መጽሔት ይህን ለካ። አሳታሚው በ1936 የተመሠረተ፣ ማስታወቂያ የማይቀበል፣ የሚፈትነውን ዕቃ ከሱቅ ገዝቶ የሚፈትን ድርጅት ነው። ማሽኑን ጭስና አቧራ በተለቀቀበት ዝግ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው፤ በ2002 ያወጣው ውጤት አየሩ ይህ ነው በሚባል መጠን አልጸዳም የሚል ነበር። ኩባንያው ቅር ተሰኘ። በ2003 የወጣው ውጤትም ያው ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም ሻርፐር ኢሜጅ መጽሔቱን ፍርድ ቤት አቆመው። ማሽናችን ቀንና ሌሊት ቀስ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ የእናንተ ፈተና አይመዝነውም ነው ክርክሩ። መቼም ሰምተን የማናውቀው ዓይነት ክርክር አይደለም፤ ሚዛኑ ካልወደደን ሚዛኑን እንከሳለን።

የካሊፎርኒያ ሕግ እዚህ ላይ አንድ ነገር አለው። በሕዝብ ጉዳይ ላይ የተናገረን ሰው በክስ ለማፈን የሚሞክር፣ ገና ከመነሻው የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑን ሊያሳይ የሚችል ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ ክሱ ይዘጋል፤ የተከሳሹንም የጠበቃ ወጪ ይከፍላል። ኩባንያው አላቀረበም። በ2004 ኅዳር ክሱ ተዘጋ፣ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይም ከፈለ። እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖር መጽሔቱ ትክክል ሆኖ ሳለ በጠበቃ ክፍያ ብቻ ሊደቅ ይችል ነበር፤ እኛን ያስጨነቀን እሱ ነው። ስንት ትንሽ ጋዜጣ ይህን ችሎ ይቆማል?

በ2005 መጽሔቱ ጭራሽ የኦዞኑን ጉዳይ አነሳው፤ አንዳንዶቹ ማሽኖች አየሩን ሳያጸዱ ኦዞን ይጨምሩበታል አለ። ሻርፐር ኢሜጅ በ2008 የካቲት ኪሳራ አወጀ። ካሊፎርኒያ በበኩሏ በ2006 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከማጽጃ የሚወጣው ኦዞን ከ100 ሚሊዮን የአየር እጅ 5 እጅ እንዳያልፍ ወሰነች። ዛሬ እዚያ ያለ ምስክር ወረቀት የቤት አየር ማጽጃ መሸጥ አይፈቀድም፤ ምልክቱም ካርቶኑ ላይ ይታተማል። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ያላችሁ ዘመዶቻችን ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑን ገልብጣችሁ እዩት።