እንጨቱ ለገበሬው፣ ብረቱ ለቀጥቃጩ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ቆሞ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ኮፋኖውን ከፍቼ ራሴ ልሞክረው? ወይስ መካኒክ ልጥራ? ጥያቄው የገንዘብ ይመስላል። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር የታሪክ ጥያቄ ሆኖ ያገኘዋል። ብረት ከሚያውቅ ሰው ጋር ያለን ዝምድና መኪና ወደ ሀገራችን ከመግባቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የተጀመረ ነውና። ዛሬ በጋራዥ ደጃፍ የምናሳየው ጥርጣሬም ሆነ ልመና ከዚያ ከቆየ ዝምድና የተረፈ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሬን ከደነባ ልጀምር። ደነባ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ በደጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይዞ የማይለቅ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ አፉን የሚከፍት ጥቁር አፈር። ጤፍ፣ ስንዴና ምስር የሚያበቅለው ይህ አፈር ማረሻን ይበላል። በዚህ ሀገር ያለ ገበሬ ዕቃው ሲሰበርበት የሚያደርገውን ያስተዋለ ሰው የመኪናን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ሞፈሩ ቢሰበር ራሱ እንጨት መርጦ፣ ጠርቦ፣ አቃንቶ ይተካዋል። ቀንበሩን፣ እርፉንና ድግሩንም እንዲሁ። ማረሻው ሲደንዝ ወይም ወገሉ ሲሰበር ግን ተሸክሞት ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይሄዳል። እንጨቱ የእርሱ ነው፤ ብረቱ የቀጥቃጩ። ይህን ድንበር ማንም በወረቀት አልጻፈለትም። ከአባቱ የወረሰው ነው።

ሆኖም ያ ድንበር የሰላም ድንበር ብቻ አልነበረም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጡት ሚሲዮናዊው ክራፕፍና እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ አንኮበር የደረሰው ሃሪስ፣ በዚያ አካባቢ ስለሚኖሩ ጠይቦች ጽፈዋል። ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ እጃቸው ለሁሉም የሚያስፈልግ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ቡዳ ናቸው ተብለው ይፈሩ ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉም ይባል ነበር። የፍርሃቱ ምክንያት ለእኔ ግልጽ ይመስለኛል። ብረትን በእሳት ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ የሚለውጥ ሰው ራሱንም ሊለውጥ ይችላል ተብሎ ተጠረጠረ። የማናውቀውን ሙያ የያዘ ሰው በአንድ ጊዜ የምንፈልገውም የምንፈራውም ሆነ። ማረሻውን ያሳለለትን ሰው በማዕዱ የማያስቀምጥ ገበሬ፣ ጎራዴውን ያስቀጠቀጠበትን ሰው በስድብ የሚጠራ መኳንንት፣ ይህ ሁሉ የእኛው ታሪክ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ይህን አጥር በጉልበት ለማፍረስ ሞከሩ። መድፍ መግዛት አልበቃቸውም፤ መድፍ በሀገራቸው እንዲሠራ ፈለጉ። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ሰብስበው እቶን አስነደዱ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖልም ከዚያ ወጣ፤ ተጎትቶም እስከ መቅደላ ተወሰደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ንጉሡ ሙያውን እጅግ ከመፈለጋቸው የተነሣ ባለሙያዎቹ እንዲሄዱባቸው አልፈለጉም። መካኒኩን ማመን ሲያቅት መካኒኩን ማሰር ይመጣል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ አውሮፓውያኑ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሀገሩን ለቀው ወጡ፤ የጋፋት እቶንም ቀዝቅዞ ቀረ።

አሁን ወደ 1900 ዓ.ም. እንለፍ። ይህች ዓመት ለእኔ ልዩ ዓመት ናት። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ አዲስ አበባ ያደረሰው በዚህች ዓመት ነው። አብሮት ዌልስ የሚባል መካኒክ ነበረ። መንገድ በሌለበት ሀገር መኪና ያለ መካኒክ የብረት ክምር መሆኗን ቤንትሊ ሳያውቅ አልቀረም። አፄ ምኒልክ በመኪናዋ ተደሰቱ። ጠመንጃና ሰዓት ፈታትተው ውስጡን ማየት እንደሚወዱ የውጭ ሰዎች የጻፉላቸው ንጉሥ መኪናን ዝም ብለው ያዩ ነበር ማለት ይከብዳል።

በዚያችው በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሌላም ነገር አደረጉ። ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሥራቸው መናቅ ይቅር ተባለ። የመጀመሪያዋ መኪናና ይህ አዋጅ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ትርጉማቸው ግን አንድ ነው። የብረት ዘመን መጥቶ ብረት ሠሪውን እየሰደቡ መኖር አይቻልም። አዋጁ በአፍ የሚነገረውን ስድብ ይከለክል ይሆናል። በልብ ያለውን ጥርጣሬ ግን በአዋጅ መሻር አልተቻለም።

ጥርጣሬውን ያቀለለው ይልቁንም መንገዱ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን በደብረ ብርሃን በኩል አልፎ፣ በጣርማበር ተራራ ሆድ ውስጥ ዋሻ አስቀድዶ፣ ወደ ደሴና ወደ አስመራ የሚዘልቀው ጎዳና ተሠራ። ከከባድ መኪኖቹ ጋር ቃላት መጡ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ወጣ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ፍሬቻ ፍላጻ ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ፣ ኮፋኖ ሣጥን፣ ማርሚታ ድስት ነው። ባሌስትራ ደግሞ የጥንት ወታደር ፍላጻ ያስፈነጥርበት የነበረ መሣሪያ ነው። የእኛ መካኒክ ዘይት በነካው እጁ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ከመኪና ሥር ሲገባ፣ ሳያውቀው ሻማና ድስት፣ ትራስና ፍላጻ እየጠራ ነው። በወራሪ ቋንቋ የመጣውን ሙያ የራሱ አድርጎታል። የዕቃውን ስም የማያውቅ ባለመኪና ግን በዚህ ቋንቋ ፊት እንደ እንግዳ ይቆማል። «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲባል አንገቱን ይነቀንቃል። ያለመተማመኑ ግማሽ የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች አንድ ቋንቋ አይናገሩም።

ይህ ክፍተት በድሮው የጭነት መኪና ዘመን አልነበረም። የትሬንታ ኳትሮ ሾፌር ራሱ መካኒክ ነበረ፤ መሆንም ነበረበት። ከደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ የተሰበረ መኪና ማንን ይጠብቃል? አጠገቡ የነበረው ረዳቱ ብቻ ነው። ረዳቱ ጎማ እየቀየረ፣ ውኃ እየጨመረ፣ ሌሊት ከጭነቱ ላይ እያደረ ሙያውን በዓይኑ ይማር ነበር። ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባው እርሱ ነው። የሾፌሩና የተሳፋሪው ነፍስ በዚያች ቁራጭ እንጨት ላይ ታርፋለች። መተማመን ማለት ይህ ነበር፤ በቃል የሚሰጥ ሳይሆን በታኮ የሚለካ። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተግባረ እድ መባሉም ደስ ይለኛል፤ የእጅ ሥራ ማለት ነውና። የተናቀውን እጅ በግእዝ ስም አከበሩት።

ዛሬስ? ዛሬ ባለመኪናው ሌላ፣ ሾፌሩ ሌላ፣ መካኒኩ ሌላ ነው። ረዳት ከቤት መኪና ጋር አይመጣም። አንድ ጊዜ በአንድ ጋራዥ ያልተበላሸ ዕቃ ተቀይሮልኝ፣ ድምፁ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። የወለቀውን ዕቃ ስጡኝ ብል «ተጥሏል» ተባልኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ያልቀመሰ ባለመኪና ጥቂት ይመስለኛል። ለዚህም ነው ሰዉ ከመካኒኩ ጋር ሆኖ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዶ መለዋወጫውን ራሱ የሚገዛው፣ ሲገጠምም ከአጠገብ ቆሞ የሚያየው። ባለመኪናው መካኒኩን ይጠብቃል፤ መካኒኩ ደግሞ ባለመኪናው የገዛውን ዕቃ እውነተኛነት ይጠራጠራል። ይህ ሙሉ እምነት አይደለም፤ ሙሉ ክህደትም አይደለም። በዐዋቂና በባለቤት መካከል የተደረገ የዝምታ ስምምነት ነው።

በሌላ በኩል ሁሉን ራሴ ልሥራ የሚለውም አለ። ለእርሱ አበው የተዉለት ተረት አለ፤ ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ዘይት መለካት፣ ውኃ መሙላት፣ ካንዴላ አውልቆ ማጽዳት፣ ጎማ መቀየር የማንም ባለመኪና ድርሻ ነው። ፍሬንና መሪ ግን የሌላ ሰው ነፍስ ያለበት ሥራ ነው። በመንገድ ላይ የሚያልፈው ሕፃን የእኔን ቁጠባ አያውቅም።

በሌላው ዓለምም ጥያቄው ያው ነው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣት ሞዴል ቲ ገበሬው በራሱ መፍቻ እንዲጠግናት ሆና የተሠራች ነበረች፤ ዝናዋም ከዚህ መጣ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን መኪና ኮምፒውተር ሆነ፤ ምሥጢሩም በፋብሪካው እጅ ብቻ ተቆለፈ። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012 ድምፅ ሰጥቶ ፋብሪካዎች የጥገናውን መረጃ ለባለመኪናውና ለመንደሩ መካኒክ እንዲከፍቱ አስገደደ። ልብ በሉ! እዚያ ባለቤቱና መካኒኩ በአንድ ወገን ቆሙ።

ለእኛም የሚመጣው ይህ ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም በብዛት ይገቡ ጀመር። በእነዚህ መኪኖች ካንዴላ የለም፤ ማርሚታም የለም። በሞተር ድምፅ በሽታን የሚለይ ጆሮ፣ ያ ከረዳትነት ጀምሮ የተሳለ ጆሮ፣ በዝምተኛው ሞተር ፊት ምን ይሰማል? ያለ ሥልጠና የባትሪውን ሣጥን የከፈተ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። ከስምንት አሥርት ዓመታት በላይ የተከማቸ የእጅ ዕውቀት በአንድ ትውልድ ውስጥ ዋጋ ቢያጣ፣ የምናጣው ጋራዥ ብቻ አይሆንም። ያ ለማክበር ብዙ ዘመን የፈጀብን እጅ እንደገና ደጅ ይቀራል።

ስለዚህ መካኒክ ይታመን ወይስ ራስ ይሥራ ለሚለኝ መልሴ የደነባው ገበሬ መልስ ነው። ገበሬው ማረሻውን ለቀጥቃጩ ሲሰጥ ጀርባውን ሰጥቶ አይሄድም። ወናፉ አጠገብ ይቀመጣል፤ ብረቱ ሲቀላ ያያል፤ ሲነከር ይሰማል። ቀጥቃጭ አይደለም፣ መሆንም አይፈልግም። ነገር ግን ጥሩ ማረሻ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ነገ በዋልካው ላይ የሚፈትነው እርሱ ነውና። እንጨቱን ራሱ መጥረብ የሚችል ሰው ብረቱን ለሌላ ሲሰጥ አይዋረድም፤ በቀላሉም አይታለልም። እንጨታችን የትኛው፣ ብረታችንስ የትኛው እንደሆነ ለይተን እንወቅ። ብረቱን ለያዘው ሰውም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አክብሮቱንም እንክፈለው።