የላሳል ወንድሞችና የአዲስ አበባው ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት

የካቶሊክ ማኅበራት ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ያበረከቱት ድርሻ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሃይማኖት ክርክርና ከሚስዮናውያን ታሪክ ጋር ተያይዞ በመሆኑ፣ የማስተማር ሥራቸው ራሱን ችሎ እንደ አንድ ሙያ የተመረመረበት ጊዜ ጥቂት ነው። የከተማው ሰው “ሴንት ጆሴፍ” እያለ የሚጠራው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት ለእንዲህ ያለው ምርመራ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም በ1959 የመሠረተው ማኅበር አባላት ቀሳውስት ሳይሆኑ መምህራን ናቸው፤ የተቋቋመበት ወቅትም አዲስ አበባ ፊቷን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቦሌ ማዞር ከጀመረችበት ዘመን ጋር የገጠመ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በተለየ ካልተገለጹ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርት ቤቱ የተወለደበትን ሁኔታ ለመረዳት የካቶሊክ ስም በኢትዮጵያ ተሸክሞት የኖረውን ሸክም ማስታወስ ያስፈልጋል። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን፣ ማለትም በኢየሱስ ማኅበር ካህናት ስብከት የካቶሊክን እምነት ተቀብለው የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ መሞከራቸው ብዙ ደም ካፋሰሰ በኋላ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ አዲሱም ንጉሥ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ከዚያ ወዲያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የቪንሰንሳውያን ማኅበር ካህን የነበሩት ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ወደ ትግራይ፣ ካፑቺናዊው ጉልየልሞ ማሳያም ለደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ተሹመው በ1846 በመጡ ጊዜ ያ ትዝታ ገና አልበረደም ነበር። ማሳያ በሸዋ ከንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ለዐሥር ዓመት ያህል ተከብረው ቢቀመጡም በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትእዛዝ አገር ለቀው እንዲወጡ ተደርጓል። በዚህ ሁሉ ዘመን ትምህርት ከስብከት ተለይቶ ስላልታየ፣ አስተማሪው ሲባረር ትምህርት ቤቱም አብሮ ይፈርስ ነበር።

ትምህርትና ስብከት የተለያዩት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ለዚህም የልጅ ተፈሪ መኰንን፣ የኋላው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ የልጅነት ትምህርት የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም። የሐረር ካፑቺናውያን አለቃ የነበሩት አባ እንድርያስ ዣሮሶ የልጅ ተፈሪ አባት የራስ መኰንን ወዳጅ ነበሩ፤ ፈረንሳይኛ ያስተማሯቸውም ኢትዮጵያዊው የካቶሊክ ካህን አባ ሳሙኤል ናቸው። ልዑሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከፈቱ፤ ከጣልያን ወረራ በኋላ ደግሞ በ1945 የዚያን ትምህርት ቤት አመራር ከካናዳ፣ ከኩቤክ ለመጡ ኢየሱሳውያን ሰጡ። በፋሲለደስ ዘመን የተባረረው ማኅበር በንጉሠ ነገሥት ግብዣ መመለሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ የተመለሰው ግን በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ነው። መምህራኑ የክህነት ልብሳቸውን ትተው በኮትና በክራባት እንዲያስተምሩ፣ ስለ እምነታቸውም እንዳይሰብኩ ተስማምተው ገቡ። አለቃቸው ሉሲየን ማት በተማሪዎቻቸው ዘንድ የሚታወቁት “ዶክተር ማት” በሚል መጠሪያ ነው፤ በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋምም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ይህ አሠራር በሕግም የታሰረ ነበር። በ1944 የወጣው የሚስዮን ድንጋጌ አገሪቱን በሁለት ከፍሎ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚበዙበት አካባቢ ሚስዮናውያን ሰውን ወደ ሃይማኖታቸው እንዳይመልሱ ሲከለክል፣ የቀረውን “ክፍት አካባቢ” ብሎ ለሥራቸው ፈቀደ፤ አዲስ አበባንም ከክፍቱ ጋር መደባት። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን፣ ሚስዮናውያኑም አማርኛ እንዲማሩ ያዘዘው ይኸው ድንጋጌ ነው። መንግሥት የሚሻው ዕውቀቱንና ሥርዓቱን እንጂ ስብከቱን አለመሆኑ ከዚህ በላይ በግልጽ ሊነገር አይችልም ነበር።

እንዲህ ላለው መንግሥት የላሳል ወንድሞች ከማንም ይልቅ የሚመቹ ነበሩ። ሙሉ ስማቸው “የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች ማኅበር” ሲሆን፣ በ1680 አካባቢ በፈረንሳይ በሬምስ ከተማ የመሠረቷቸው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል (1651–1719) የተባሉ የካቴድራል ካህን ናቸው። መሥራቹ ራሳቸው ካህን ቢሆኑም የማኅበሩ አባላት ግን ክህነት የማይቀበሉ፣ ቅዳሴ የማይቀድሱ፣ በድንግልናና በማኅበር ኑሮ ጸንተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማስተማር የሚሰጡ መነኮሳት እንዲሆኑ ወሰኑ። ተማሪዎች “አባ” ሳይሆን “ብራዘር” እያሉ የሚጠሯቸውም ስለዚህ ነው። ደ ላ ሳል በ1900 ቅዱስ ተብለው ታወጁ፤ በ1950 ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው የመምህራን ሁሉ ጠባቂ አድርጋ ሰየመቻቸው።

የደ ላ ሳል ዋና ሥራ የክፍልን አሠራር መለወጥ ነው፤ ይህም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀላሉ የሚገባ ነገር ነው። ከሳቸው በፊት በፈረንሳይ የድኻ ልጆች ትምህርት ቤት መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ያስነብብ ነበር፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ተራውን ይጠብቃል ወይም ይጫወታል። ይህ አሠራር ከቄስ ትምህርት ቤቱ ብዙም የራቀ አይደለም፤ በዚያም ልጁ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይቈጥራል፤ ፊደል ሲለይ ወደ ንባብ፣ ቀጥሎም ወደ ዳዊት በራሱ ፍጥነት ይሻገራል፤ የበረታው ተማሪ ደግሞ ታናሹን ያስጠናል። ደ ላ ሳል ይህን አንድ በአንድ የማስተማር ልማድ ትተው፣ በአንድ ክፍል ያሉ ልጆች ሁሉ አንድ መጽሐፍ ይዘው በአንድ ጊዜ እንዲማሩ አደረጉ፤ ጀማሪ፣ መካከለኛና የበሰለ ተብለው እንደ ደረጃቸው ተለይተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቹ በየመጽሐፋቸው ይከተላሉ። መምህሩ ብዙ እንዳይናገር “ሲኛል” የምትባል፣ እየተመታች የምትጮኽ ትንሽ የእንጨት ዕቃ በእጁ ይይዛል፤ አንባቢው ሲሳሳት ወይም ተራው ሲያበቃ በቃል ሳይሆን በዚያች ድምፅ ያስታውቃል። ይህ ሁሉ ደ ላ ሳል ካረፉ በኋላ በ1720 በታተመው የትምህርት ቤቶች አመራር መጽሐፋቸው ላይ በዝርዝር ተጽፏል። የቄስ ትምህርት ቤቱ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ልጅ ዐቅም ቦታ በመስጠቱ እስከ ዛሬ የሚከበርበት ምክንያት አለው፤ ብዙ መቶ ልጆችን በጥቂት መምህራን ለማስተማር ግን የላሳል መንገድ ሳይኖር ዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚባለውን ማሰብ አይቻልም።

ደ ላ ሳል ያስተዋወቁት ሌላው ለውጥ ልጆች ንባብን በላቲን ሳይሆን በሚናገሩት በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ ማድረጋቸው ነው። በሦስት መቶ ዓመት ገደማ ልዩነት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ትምህርት ቤት ግን በከተማው ዘንድ ስሙ የገነነው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ የወንድሞቹ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም፤ የ1944ቱ ድንጋጌ አማርኛን ቢያዝም የአገሪቱ ፖሊሲ ራሱ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ያስተምር ስለነበር፣ የዩኒቨርሲቲ በርም የሚከፈተው በዚያው ቋንቋ በሚሰጥ ፈተና ስለሆነ ነው። ሆኖም መሥራቹ የታገሉለት ሐሳብና የወላጆች ፍላጎት እዚህ ላይ እንደተለያዩ ሳይጠቅሱ ማለፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆናል።

በ1959 ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በአዲስ አበባ የታወቁት የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ በምሥራቅ በኩል በ1943 ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ጄኔራል ዊንጌትና ተፈሪ መኰንን። ቅዱስ ዮሴፍ የተተከለበት የመስቀል አደባባይ አካባቢ ያን ጊዜ የከተማው ዳርቻ ለመሆን የተቃረበ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አራትና አምስት ዓመታት ግን መልኩ ፈጽሞ ተለወጠ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 መቀመጫውን አዲስ አበባ ላይ ካደረገ በኋላ በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1962 በስታዲየሙ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ተካሂዶ ኢትዮጵያ አሸነፈች፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። በዚሁ ወቅት የልደታው የአውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን ስለማይበቃ አዲሱ ማረፊያ በቦሌ ተሠራ፤ አደባባዩንና ማረፊያውን የሚያገናኘው ሰፊ መንገድም የከተማው አዲስ መግቢያ ሆነ። የመንግሥት ሹማምንት፣ የአየር መንገድ ሠራተኞች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ባልደረቦችና ነጋዴዎች በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ቤት ሲሠሩ፣ ወንድ ልጃቸውን በቅርብ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ከመንገዱ ራስ ላይ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። የቅዱስ ዮሴፍ ስም ከቦሌ ነዋሪ ጋር የተቈራኘው እንዲህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ከባድ ነው። የላሳል ማኅበር የተቋቋመው የእደ ጥበብ ሠራተኞችንና የድኾችን ልጆች ያለ ክፍያ ለማስተማር ነው፤ በአዲስ አበባ ግን በክፍያ የሚያስተምርና የተሻለ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች የሚሻሙበት ትምህርት ቤት ሆነ። ይህ በብዙ አገር ያሉ የማኅበሩ ትምህርት ቤቶች የገጠማቸው ነገር ነው፤ መንግሥት ደመወዝ በማይከፍልበት ቦታ የመምህሩን እንጀራ የሚችለው የተማሪው ክፍያ ነውና። የወንድሞቹ ሥራ ግን በዋና ከተማው ብቻ አልተወሰነም፤ በአዳማና በመቂ ያሉት ትምህርት ቤቶቻቸው ማኅበሩን ከስምጥ ሸለቆው ከተሞችና ከገበሬው ልጅ ጋር አገናኝተውታል። ማኅበሩን መዳኘት የሚገባው ሁሉንም አንድ ላይ ተመልክቶ ነው።

የካቶሊክ ምእመናን ቁጥር በ2007ቱ የሕዝብ ቈጠራ ከመቶ አንድ እንኳ ስለማይሞላ፣ በቅዱስ ዮሴፍ ክፍሎች የተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ የሌላ እምነት ተከታዮች መሆናቸው ግልጽ ነው። የትምህርት ቤቱ ጥንካሬም ከዚሁ የመጣ ይመስላል። ወላጆች ልጃቸውን የላኩት ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሳይሆን ሰዓት እንዲያከብር፣ የቤት ሥራውን እንዲሠራ፣ “ማትሪክ” የሚባለውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና እንዲያልፍ ነው፤ ብራዘሮቹም ይህን አደራ ጠብቀዋል።

አብዮቱ ሲመጣ ይህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት የሚተርፍ አይመስልም ነበር። በታኅሣሥ 1974 የታወጀው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ የዩኒቨርሲቲውንና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎችን ተማሪዎች ወደ ገጠር ላካቸው። በ1975 የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ ይዞታ የሚያዛውር አዋጅ ወጣ፤ ተፈሪ መኰንን ስሙን አጥቶ “እንጦጦ” ተባለ፤ በየክፍሉ የግብረ ገብን ቦታ የማርክሲዝም ትምህርት ወሰደ። መስቀል አደባባይ “አብዮት አደባባይ” ሲባል የወታደራዊ ሰልፍ ሁሉ መድረክ ሆነ፤ በሚያዝያ 1977 ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን የሰበሩትም እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ በወረደው ቀይ ሽብር ያለቀው በብዛት ወጣት፣ በተለይም ተማሪ ነበር፤ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም በ2010 የተከፈተው በዚሁ አደባባይ ዳር መሆኑ የሚገባ ነው። ቅዱስ ዮሴፍ ይህን ዘመን ስሙንና የላሳል ወንድሞችን ይዞ ተሻገረ። ስብከትን የሙያው መሠረት ያላደረገ፣ ፈተና የሚያሳልፍ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ለየትኛውም መንግሥት የሚያስፈልግ መሆኑ ለዚህ ከረዱት ነገሮች አንዱ መሆኑን መገመት ይቻላል።

በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ትምህርት ቤቶች በሩን ሲከፍት ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲና ሰሚት በአጸደ ሕፃናትና በአካዳሚ ተሞሉ። ብዙዎቹ በመኖሪያ ቪላ ውስጥ፣ ያለ ሜዳና ያለ ቤተ መጻሕፍት የተከፈቱ ስለሆኑ፣ ለትምህርት ተብሎ የተሠራ ግቢ ያለው አንጋፋው ትምህርት ቤት ተፈላጊነቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በአካባቢው ሲያልፍ፣ የከተማው ዳርቻ ለመሆን የተቃረበው ሰፈር እምብርት መሆኑ ተረጋገጠ። ትምህርት ቤቱ የታወቀበት ወንዶችን ለይቶ የማስተማር ልማድ በመሥራቹ ዘመን የተለመደ ነበር፤ በአዲስ አበባም የሴቶቹን ድርሻ እንደ ናቲቪቲ ያሉ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ይዘውት ቆይተዋል። እህትና ወንድም በአንድ ክፍል በሚማሩበት በዚህ ዘመን ልማዱ ሊያከራክር ይችላል፤ ክርክሩም በስሜት ሳይሆን በማስረጃ መካሄድ አለበት።

ያን ማስረጃ ማደራጀት ዛሬ የሚቻል ነገር ነው። በ1959 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሁን ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ቁጥርም በየዓመቱ ይመነምናል። በየቤቱ ያሉት የክፍል ፎቶግራፎች፣ ሪፖርት ካርዶችና የምረቃ መጽሔቶች በከተማው መልሶ ማልማት ቤት በፈረሰና ሰው በተዛወረ ቁጥር እየጠፉ ነው። የቀድሞ ተማሪዎች እጃቸው ላይ ያለውን ቅጂ ለትምህርት ቤቱና ለብሔራዊው ቤተ መዛግብት ለወመዘክር እንዲሰጡ፣ አንጋፋ ብራዘሮችና መምህራንም ቃላቸው በድምፅ እንዲቀዳ፣ ይህም ሥራ ሳይውል ሳያድር እንዲጀመር ይገባል።