ማን ማንን ይሰማ ነበር? የታክሲ የመገናኛ ሬዲዮ ታሪክ በፒዮሪያ ስትሪት



ለዚህ መጽሔት ከታክሲ ነጂዎች ወገን አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲቀርብ በተጠየቅን ጊዜ ብዙ አርእስት ተነሥቶ ነበር። ስለ ሜትሩ፣ ስለ ሳምንታዊው ሊዝ፣ ስለ ኤርፖርቱ ወረፋ የማያውቅ ቤተሰብ በመካከላችን የለም። ከክሩስኮቱ ሥር ተገጥሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድር ስለነበረው የመገናኛ ሬዲዮ ግን ልጆቻችን የሚያውቁት ጥቂት ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ ለመጻፍ ወሰንን። ማን ይናገራል፣ ማን ይሰማል፣ ጥሪውን ማን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲወሰን የኖረው በዚህ ዕቃ ነበርና፣ ታሪኩ የእንጀራችን ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገር ቤት የምናውቀው

እንደሚታወቀው በአዲስ አበባ ታክሲ ሲሠራ የኖረው በተራና በድምፅ ነው። ከትንሿ ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ጀምሮ እስከ ሚኒባሱ ድረስ፣ ተሳፋሪ የሚገኘው መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ሲያነሣ ወይም ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ሲጣራ ነው። በየፌርማታው ተራ አስከባሪ አለ፤ ማን ቀድሞ እንደሚጭን የሚወስነው እርሱ ነው። ተራ አስከባሪው ቢያዳላ ሁሉም ቆሞ ያያል፤ የተበደለውም ወርዶ ፊት ለፊት ይጮህበታል።

የመገናኛ ሬዲዮ ግን የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የእርዳታ ድርጅቶች ዕቃ ነበር። በተራ ሰው እጅ ቢገኝ ያስጠይቃል እንጂ ለእንጀራ ይውላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። እዚህ አገር መጥተን ታክሲ ውስጥ ስንቀመጥ፣ ዲስፓቸር የሚባለው ሰው በአየር ላይ የተቀመጠ ተራ አስከባሪ መሆኑን ለመረዳት ብዙ አልፈጀብንም። ልዩነቱ ፊቱ አለመታየቱ ነበር።

የሬዲዮው አመጣጥ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እንጀምር። የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ በ1928 በመኪኖቹ ውስጥ የሬዲዮ መቀበያ አሠራ። ይህ ሬዲዮ መስማት እንጂ መመለስ የማይቻልበት ስለ ነበር፣ ትእዛዙን የሰማው ፖሊስ መልስ ሊሰጥ ሲፈልግ ወርዶ ስልክ መፈለግ ነበረበት። በ1933 በኒው ጀርሲ የቤዮን ከተማ ፖሊስ ከመኪናው ሳይወርድ መስማትም መናገርም ቻለ። በ1940 ደግሞ በኮኔቲከት መምህር የነበረው ዳንኤል ኖብል የነደፈው የኤፍ.ኤም. ሬዲዮ ለዚያው ክፍለ ግዛት ፖሊስ ሥራ ላይ ዋለ። ኤፍ.ኤም. ከሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚመጣውን ጫጫታ ስለሚቀንስ ለመኪና ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

ታክሲዎች ወረፋው የደረሳቸው በ1944 ነው። በዚያ ዓመት ሞቶሮላ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ለሚገኝ የታክሲ ኩባንያ የኤፍ.ኤም. መገናኛ ገጠመ። በ1949 የአሜሪካ መንግሥት የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለታክሲ አገልግሎት የተለየ የሬዲዮ ክፍል አቋቋመ። ለታክሲ ከተመደቡት ሞገዶች በብዛት የታወቁት፣ ጣቢያው የሚናገርባቸው ከ152.27 እስከ 152.45 ሜጋኸርዝ፣ ታክሲዎቹ የሚመልሱባቸው ደግሞ ከ157.53 እስከ 157.71 ሜጋኸርዝ ያሉት ናቸው። አንባቢ እነዚህን ሁለት ረድፎች በልቡ ይያዛቸው፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

የመጀመሪያዎቹ ሬዲዮዎች በቫልቭ የሚሠሩ፣ ከባድና ባትሪ የሚጨርሱ ነበሩ። ዋናው አካል ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይቀመጥና መቆጣጠሪያውና ማይኩ ብቻ ወደ ነጂው ይመጣሉ። ሞተሩን አጥፍቶ ሬዲዮውን መጠቀም ባትሪውን ይገድለው ነበር። በ1958 ሞቶሮላ ሞትራክ የተባለውን፣ መቀበያውና የኃይል ክፍሉ በትራንዚስተር የተሠራውን ሬዲዮ ባወጣ ጊዜ፣ ሞተር ጠፍቶም ጥሪ መጠበቅ ተቻለ። ይህ ለታክሲ ነጂ ትልቅ ነገር ነው፤ ጥሪ በመጠበቅ ብቻ የሚቃጠለው ቤንዚን ከኪሱ ይወጣልና።

አገጣጠሙና አጠቃቀሙ

ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች የሞገድ ርዝመትን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር። እዚህ አገር በታክሲ ጣሪያ ላይ አገኘነው። 300ን በ155 ሜጋኸርዝ ብናካፍል 1.94 ሜትር ይመጣል፤ የዚህ ሩብ 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በጣሪያው መካከል የምትቆመው ቀጭን አንቴና ቁመቷ ይኸው ነው። መካከል የምትተከልበትም ምክንያት አለ፤ የጣሪያው ብረት የአንቴናዋ ሌላ ግማሽ ሆኖ ስለሚያገለግል ድምፁ በአራቱም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል። ወደ ጠርዝ ከተወሰደች ወደ አንዱ ወገን ታዳላለች።

የኃይል ገመዱም ከሲጋራ መለኮሻው አይወሰድም። በቀጥታ ከባትሪው ተስቦ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይደረግበታል፤ ገመዱ በመንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ ፊውዙ ተቃጥሎ መኪናው ይድናል። ምድራዊው ገመድ በደንብ ካልታሰረ ሞተሩ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የዲናሞው ጩኸት ከነጂው ድምፅ ጋር ተደባልቆ ይሄዳል። ዲስፓቸሩም የሚሰማው ሰው ሳይሆን ፉጨት ይሆናል።

አነጋገሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ በመጀመሪያ ማዳመጥ፣ ቁልፉን ተጭኖ ጥቂት መቆየት፣ ከዚያ የታክሲውን ቁጥርና ያሉበትን ቦታ አሳጥሮ መናገር ያስፈልጋል። ቁልፉን ሳይቆዩ የሚናገሩ ሰዎች የመጀመሪያዋ ቃላቸው ትቆረጥባቸዋለች፤ የመጀመሪያዋ ቃል ደግሞ ቁጥራቸው ናት። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ታላላቆቻችን ለዓመታት በስማቸው ሳይሆን በታክሲያቸው ቁጥር ሲጠሩ ኖረዋል።

ማን ማንን ይሰማል?

አሁን ወደ ሁለቱ ረድፎች እንመለስ። ጣቢያው በአንድ ሞገድ ሲናገር ሁሉም ታክሲዎች ይሰሙታል። ታክሲዎቹ ግን የሚመልሱት በሌላ ሞገድ ነው፤ ያንን ሞገድ የሚሰማው ጣቢያው ብቻ ነው። ጣቢያው የነጂውን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ ካላሰራጨው በቀር አንዱ ነጂ ሌላውን አይሰማም። መልሶ ማሰራጨት ደግሞ በጣቢያው ባለቤት እጅ ያለ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ስለዚህ መቶ ነጂዎች በአንድ ከተማ ውስጥ አንድ ዓይነት ሬዲዮ ይዘው እርስ በርሳቸው ላይሰማሙ ይችላሉ። ሬዲዮውን የገዛ ወይም የተከራየ ነጂ መገናኛውን ያዘ ማለት አይደለም፤ መገናኛው ያለው ጣቢያውን በያዘው ዘንድ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በፒዮሪያ ጥግ ቆሞ ሁለት ሰዓት የጠበቀ ነጂ፣ ሩቅ ያለ ሌላ ታክሲ ለምን ረጅሙን የኤርፖርት ጥሪ እንዳገኘ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በአሜሪካ የታክሲ ሠራተኞች ዘንድ ዲስፓቸር ለወዳጁ ጥሪ ሲሰጥ «አጎረሰው» የሚል ትርጉም ያለው አነጋገር አለ። ጉርሻን የምናውቅ እኛ ቃሉን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

በፒዮሪያ ላይ

ፒዮሪያ ስትሪት ዴንቨርንና ኦሮራን ከሰሜን ወደ ደቡብ አያይዞ የሚያልፍ መንገድ ነው። በምሥራቅ በኩል ያሉት መንገዶች በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ፣ ለአንድ ፊደል በአብዛኛው ሁለት ሁለት እየሆኑ ስለተሰየሙ፣ ኦክላንድ፣ ኦስዊጎ፣ ፓሪስ፣ ፒዮሪያ፣ ኳሪ፣ ኩዌንቲን እያሉ ይቀጥላሉ። ይህ አሰያየም ለአዲስ ነጂ ካርታ ማለት ነበር። ነገር ግን ፓሪስና ፒዮሪያ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ።

የመገናኛ ሬዲዮ በግምት ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ስለሚያሳልፍ «ኤፍ» እና «ኤስ» የሚለዩበት ቀጭን ድምፅ ይጠፋል። ፊፍቲንና ፊፍቲ፣ ሰርቲንና ሰርቲ ለእንግሊዝ አፉ ለፈታም ያስቸግራሉ። ከሱዳንና ከኬንያ በስደት አልፈው ለመጡት ታላላቆቻችን ምን ያህል እንደከበደ መገመት ይቻላል። አድራሻ ድገምልኝ ያለ ነጂ ጥሪው ለሌላ ሲሰጥበት፣ አነጋገሩም በአየር ላይ መሳቂያ ሲሆን የሰሙ አሉ። መፍትሔውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ቁጥሩን በቁሙ ሳይሆን ነጠላ ነጠላውን «ዋን ፋይቭ» እያሉ፣ ፊደሉንም «ፒ እንደ ፖል» እያሉ መጥራት ያዙ። አዲስ ለመጣው ወንድማቸውም በቡና ሰዓት ያስተምሩት ነበር። ይህ ትምህርት በየትኛውም ኩባንያ መመሪያ ውስጥ ያልተጻፈ፣ ሐበሻ ለሐበሻ ያስተላለፈው ነው።

የፒዮሪያ ሥራ በሁለት ትልልቅ ስፍራዎች ላይ የቆመ ነበር። አንደኛው ከመንገዱ በስተ ምዕራብ የነበረው የስቴፕልተን ኤርፖርት ነው፤ በ1929 ተከፍቶ በየካቲት 1995 ተዘጋና በረራው ወደ ሩቁ አዲስ ኤርፖርት ተዛወረ። ሁለተኛው በኮልፋክስ ጥግ የሚገኘው፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 በልብ ሕመም ተኝተው የታከሙበት የፊትዝሲመንስ የጦር ሆስፒታል ነው። እርሱም በ1999 ተዘግቶ ስፍራው ዛሬ የአንሹትዝ የሕክምና ማዕከል ሆኗል። ኤርፖርቱ ሲርቅ ጉዞው ረዘመ፣ ወረፋውም ረዘመ። የአንድ ረጅም ጥሪ ዋጋ ከፍ ሲል ደግሞ በጣቢያው የተቀመጠው ሰው ሥልጣን አብሮ ከፍ አለ።

የሌሊቱ ጠባቂ

ይሁን እንጂ ሬዲዮውን በበደል ብቻ ማስታወስ ፍትሕ አይሆንም። የሠራተኞችን ደኅንነት የሚያጠናው የአሜሪካ ብሔራዊ ተቋም በ1996 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከ1990 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት በታክሲ አገልግሎት ዘርፍ ከ100,000 ሠራተኞች 41.4 በሥራ ላይ መገደላቸውን ገልጿል። ይህም ከሠራተኛው ሁሉ አማካይ 60 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ከጀርባው የማያውቀውን ሰው አስቀምጦ ለሚነዳ ነጂ፣ ማይኩ ብቸኛው ምስክሩ ነበር። ጣቢያው የነጂዎቹን ድምፅ መልሶ በሚያሰራጭበት ቦታ፣ አንድ ሰው በተጨነቀ ድምፅ ያለበትን ጥግ ከተናገረ በአካባቢው ያለው ሁሉ ይሰማል፤ የሰማም ይደርሳል። የማያውቀው ሰው ድምፅ ከወትሮው መለወጡን ለይቶ መሪውን ያዞረ ነጂ ስንቱን ቤተሰብ ከሐዘን አዳነ!

ከሬዲዮ ወደ ስልክ

ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ጥሪን በጽሑፍ የሚያሳዩ ትንንሽ ስክሪኖች ወደ ታክሲ መግባት ጀመሩ። ማይኩ በየኩባንያው ቀስ በቀስ ዝም አለ። በጥር 1 ቀን 2013 ደግሞ የመንግሥቱ ኮሚሽን የመገናኛ ሬዲዮዎች የሞገድ ስፋት ከ25 ወደ 12.5 ኪሎኸርዝ እንዲጠብ ያወጣው ትእዛዝ ስለጸና አሮጌዎቹ ዕቃዎች ከአገልግሎት ውጪ ሆኑ።

በዚሁ ዘመን ነጂዎቹ ጣቢያውን ራሳቸው ለመያዝ ተነሡ። የኮሎራዶ ምክር ቤት በ2008 ሕጉን በማሻሻሉ፣ ሕዝቡ ይጎዳል ብሎ የማስረዳት ሸክም አዲስ ኩባንያ በሚቃወሙት ላይ ወደቀ። በ2009 ዩኒየን ታክሲ፣ በ2016 ደግሞ ግሪን ታክሲ በነጂዎች ባለቤትነት ሥራ ጀመሩ። የግሪን ታክሲ አባላት 800፣ የመጡባቸውም አገሮች 37 ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው። በዚህ ትግል ከጎናቸው የቆመው የኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ 7777 መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ስለ መስመርና ስለ ጣቢያ ከስልክ ሠራተኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

ነገር ግን ኡበር በ2012 ዴንቨር ገብቶ ነበር፤ በሰኔ 2014 ኮሎራዶ ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት በምክር ቤት ሕግ ያወጣች የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ሆነች። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሠራው በስልክ ጥሪ ነው። ስልኩ የራሳችን ነው፤ ሬዲዮውም የራሳችን የነበረበት ጊዜ ነበር። ጣቢያው ግን አሁንም በሌላ እጅ ነው። የዛሬው ተራ አስከባሪ ድምፅ እንኳ የለውም፤ የምንመልስለትም «እሺ» ወይም «እምቢ» በምትል ቁልፍ ብቻ ነው። በ2024 የወጣው የኮሎራዶ ሕግ ተሳፋሪው የከፈለው ስንት እንደሆነ ለነጂው እንዲገለጽ ማዘዙ፣ በጨለማው በር ላይ የተከፈተ አንድ ቀዳዳ ነው።

ለማኅበራችን የምናቀርበው

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ዕቃው በተለወጠ ቁጥር መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ መሆኑን ነው፤ ጣቢያው በማን እጅ ነው? ማን ማንን ይሰማል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየጋራዡ የተጣሉ አሮጌ ሬዲዮዎች፣ ማይኮች፣ ፈቃዶችና ፎቶግራፎች በማኅበራችን ቤት ይሰብሰቡ፤ የታላላቆቻችንም ቃል በሕይወት ሳሉ ይቀዳ። ሁለተኛ፣ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ተበታትነው ያሉት የነጂዎች ቡድኖች በማኅበሩ ሥር አንድ የሌሊት መስመር ይኑራቸው። በሌሊት አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ፒዮሪያ ላይ ችግር ቢገጥማቸው የሚሰማ ጆሮ ይኖራል። ያ መስመር ማብሪያና ማጥፊያው በራሳችን እጅ ያለ የመጀመሪያው ጣቢያችን ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ፣ ለሌሊት ነጂዎቻችን ሁሉ በሰላም ወደ ቤት መግባትን እንመኛለን።